በጎጃም የሦስት ቀን የአየር ትንበያን ለከባድ ዝናብ፣ ለወጀብና ለሐሩር እንዴት መጠቀም እንደሚቻል

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የአጭር ጊዜ ትንበያ አብዛኛውን ጊዜ በዞን ስም የተጻፈ ነው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃም፣ ሰሜን ጎጃም፣ አዊ ተብሎ ይዘረዘርና ነጎድጓድ የቀላቀለ፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ከባድ የሆነ ዝናብ እንደሚጠበቅ ይገለጻል። አገላለጹ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ቢቸና ላለ ገበሬ፣ ደጀን ላይ ቆሞ ወደ ዐባይ በረሃ ለመውረድ ለሚዘጋጅ ሾፌርና እንጅባራ ለሚኖር ነጋዴ እኩል የሚሠራ መልእክት አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ከሚያልፈው ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የዐባይ ሸለቆ የሚወርድ ዞን ስለሆነ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መግለጫ ሥር፣ አንዱ ቀበሌ በበረዶ ሲመታ ሌላው በሙቀት ሊንገላታ ይችላል። ትንበያውን ከዞን ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌም ወደ ማሳና ወደ መንገድ ማውረድ የተጠቃሚው ሥራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ያ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት፣ ሦስቱ አደጋዎች የሚሰጡት የዝግጅት ጊዜ እኩል አለመሆኑ ነው። ሐሩር ሰፊ አገር ሸፍኖ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ከአምስትና ከስድስት ቀን በፊት እንኳ በአስተማማኝ ሁኔታ ሊታወቅ ይችላል። ዝናቡ የሚበረታባቸውን ቀናት በዞን ደረጃ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ማወቅ ይቻላል፤ የትኛው ወንዝ እንደሚሞላ ግን ከአንድ ቀን በፊት ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። መብረቅ፣ በረዶና ኃይለኛ ነፋስ የያዘ ወጀብ ደግሞ በአንድ መንደር ላይ መውረዱ የሚታወቀው ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከደቂቃዎች በፊት ነው። በስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ከሦስት ቀን በኋላ በ10 ሰዓት በዚህ ቦታ ነጎድጓድ ይኖራል ብሎ ሲያሳይ፣ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው ማለት ይቻላል።

መግለጫውን ማንበብ

በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ አሠራር ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የዘነበ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል ውኃ ያወርዳል። ሩብ ሄክታር በሆነ ማሳ ላይ ሲሰላ ደግሞ 75,000 ሊትር ይሆናል። ይህ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ በካፊያ መልክ ቢወርድ መሬት ይጠጣዋል፤ በአንድ ሰዓት ዶፍ ከወረደ ግን የሚበዛው እጅ አፈር ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጠኑ ጎን ለጎን በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠበቅ መመልከት ያስፈልጋል። የሰዓት ዝርዝር ከሌለ፣ መግለጫው ነጎድጓድ የሚለውን ቃል መጠቀሙ ዝናቡ በአጭር ጊዜ የሚወርድ ዶፍ ሊሆን እንደሚችል ምልክት ነው።

የመሬቱ ሁኔታ ከዝናቡ መጠን የማይተናነስ ክብደት አለው። በሰኔ መግቢያ ዋልካ አፈር ገና በስንጥቅ በተሞላበት ጊዜ የሚወርድ 30 ሚሊ ሜትር አብዛኛው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ያው መጠን በሐምሌ መጨረሻ፣ መሬቱ ከጠገበና ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ቢወርድ፣ የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ጎርፍ ይሆናል። የቀጣዮቹን ሦስት ቀናት ትንበያ ከማንበብ በፊት ያለፉትን አምስት ቀናት ዝናብ ማስታወስ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ በእኔ ግምት ግን ለጎርፍ ከሚደረጉ ቅድመ ዝግጅቶች ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህ ነው።

የቦታ አገላለጾችም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በብዙ ቦታዎች ሲባል ዝናቡ ሰፊ ሽፋን ያለው ስለሆነ አንባቢው በእርሱም ላይ እንደሚወርድ ቆጥሮ ቢዘጋጅ ይሻላል። በጥቂት ቦታዎች ሲባል ግን ከጎረቤት ቀበሌ ዘንቦ እዚህ ጠብታ ላይወርድ ይችላል፤ እንዲህ ባለ ቀን ደረቅ መዋሉ ትንበያው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም። በመተግበሪያዎች ላይ የሚታየው የመቶኛ ቁጥርም እንዲሁ ነው። 60 በመቶ ማለት የዝናብ ዕድል እንጂ የዝናብ መጠን አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ በጎጃም ደጋ ላይ በየቀኑ 80 እና 90 በመቶ መታየቱ የተለመደ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት መቶኛውን ትቶ የሚሊ ሜትሩን ቁጥር መከታተል ይመረጣል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ ሰዓት ነው። ስልኩ በኢትዮጵያ የሰዓት ክልል ከተሞላ 15:00 ብሎ የሚያሳየው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ስድስት መቀነስ በቂ ነው። የሳተላይት ምስሎችና አንዳንድ የትንበያ ካርታዎች ግን የሚጠቀሙት ዩቲሲ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ፣ ከእነርሱ ላይ የሚቀነሰው ሦስት ብቻ ነው፤ 12:00 ዩቲሲ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሳያስተውሉ ወጀብ አለፈ ብለው ከብት ያሰማሩ ሰዎች ወጀቡን መስክ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ።

መተግበሪያዎቹ አገሩን በካሬ በካሬ ከፍለው ያሰላሉ፤ የብዙዎቹ ካሬ ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ጎን አለው። በደብረ ማርቆስና በቡሬ መካከል እንዳለው ሰፊ ሜዳማ አገር ይህ ብዙ አይጎዳም። በደጀን አፋፍ፣ በጮቄ ግርጌና በሸለቆዎች ዳር ግን አንዱ ካሬ ተራራውንና ገደሉን አደባልቆ አማካይ ከፍታ ስለሚሰጥ፣ ሙቀቱ ለበረሃው አንሶ፣ ለአፋፉ በዝቶ ይታያል። ለማረም የሚረዳው ቀላል ስሌት፣ በአማካይ በየ100 ሜትር ቁልቁለት 0.6 ዲግሪ ገደማ ሙቀት መጨመር ነው።

ትንበያው የሚታይበት ጊዜ ጠዋትና ማታ ቢሆን ጥሩ ነው። የተከታታይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ትንበያዎች ስለ አንድ ቀን ተመሳሳይ ነገር ከተናገሩ እምነት ሊጣልባቸው ይችላል፤ በየጊዜው የሚገለባበጡ ከሆነ ጉዳዩ ገና ያልተቆረጠ ስለሆነ የማይመለስ ውሳኔ ላይ ባይደርሱ ይመረጣል። ኢንተርኔት በማይገኝበት ቀን የሬዲዮ ትንበያና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይቀራሉ፤ ባለሙያው ባሕር ዳር ከሚገኘው የኢንስቲትዩቱ ማዕከል የሚመጣውን መረጃ በወረዳ በኩል ሊያገኝ ስለሚችል፣ መጠየቅ የሚገባው ይዘንባል ወይ በሚል ሳይሆን ስንት ሚሊ ሜትር፣ በስንት ቀን ውስጥ በሚል ነው።

ከባድ ዝናብ ሲጠበቅ

በጎጃም ከባድ ዝናብ ሰው የሚገድለው በዘነበበት ቦታ ብቻ አይደለም። ከጮቄ ዙሪያ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች በየአቅጣጫው ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ መነሻቸው ደጋ፣ መድረሻቸው ቆላ ነው። ተራራው ላይ በ8 ሰዓት የወረደ ዶፍ፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት የታችኛው መሻገሪያ ላይ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በመሆኑም ወንዝ የሚሻገር ሰው ማየት ያለበት በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የወንዙን ራስ ነው፤ ትንበያም ሲያነብ የሚኖርበትን ወረዳ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የሚነሣበትን ወረዳ ጭምር ማንበብ አለበት። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ እንደ መኪና ድምፅ ያለ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ ከብቱንና ዕቃውን ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት እንጂ ለመሻገር መፍጠን አይገባም። በኃይል የሚፈስ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ ጎልማሳ ሰው ሊያንገዳግድና ሊጥል፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ሊወስድ ይችላል። ድፍርስ ውኃ ጥልቀቱን አያሳይም፤ ትናንት የተሻገሩበት ድንጋይም ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። ተማሪዎች ወንዝ ተሻግረው በሚመላለሱበት ቀበሌ፣ ከባድ ዝናብ በተተነበየ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚመለሱትን ልጆች የሚጠብቅ አዋቂ አስቀድሞ መመደብ አለበት።

የግልገል ዐባይ ታችኛ ዳርቻና የጣና ዳር ሜዳዎች ጠባይ ከዚህ ይለያል። የሐይቁ ውኃ ከፍ የሚለው የክረምቱ ዝናብ ሁሉ ከተጠራቀመ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ስለሆነ፣ ውኃው እዚያ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ቀስ ብሎም ይሸሻል። ለዚህ ዓይነቱ ጎርፍ የሦስት ቀን ትንበያ ብዙም አይረዳም።

ለማሳ የሚደረገው ዝግጅት ግን በሦስት ቀን ውስጥ በሚገባ የሚሠራ ነው። ፈሰስ፣ ማለትም የማሳ ውኃ መውረጃ ቦይ፣ የሚወጣው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ አወጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የተቀደደ ፈሰስ ውኃውን ያፋጥነዋል፤ በአንድ ክረምትም ወደ ቦረቦርነት ሊለወጥ ይችላል። አግድም ከሞላ ጎደል ተጋድሞ በትንሹ የሚያዘነብል፣ መጨረሻውም ሣር ባለበት ቦታ ወይም በድንጋይ በተነጠፈ መውረጃ የሚያርፍ ፈሰስ ውኃውን ያለ ጉዳት ያስወጣል። ፈሰሱ ከታች ያለው ጎረቤት ማሳ ላይ የሚያበቃ ከሆነ አስቀድሞ ከባለ መሬቱ ጋር መነጋገር ይገባል፤ በክረምት ወደ ሽማግሌ ከሚደርሱ ጠቦች መካከል የዚህ ዓይነቱ ጥቂት አይደለም። ዩሪያ ሊበትን ያሰበ ገበሬ ከባድ ዝናብ በተተነበየበት ዋዜማ ባይበትን ይመረጣል፤ በካፊያ ይሟሟል፣ በዶፍ ግን ከገንዘቡ ጋር ይታጠባል። ዘሩ በአፈር ያልተሸፈነ የጤፍ ማሳም እንዲሁ በዶፍ ይጠራረጋል፤ ስለዚህ ዘሩን ሁለት ቀን ማዘግየት ከመድገም ይሻላል።

በተዳፋት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ለናዳ ምልክት ንቁ መሆን አለባቸው። ከቤት በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎችና አጥሮች ካዘነበሉ፣ በር መዝጋት ካስቸገረ፣ ወይም ደረቅ ከነበረ ቦታ ምንጭ ከፈለቀ፣ በዚያች ሌሊት እዚያ ማደር አይገባም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የተሰበሰቡ ነበሩ። ጎረቤት ሲቀበር ዝም ብሎ መቆም ከባድ ቢሆንም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከላይ ያለውን ተዳፋት ብቻ እንዲጠብቅና ሲንቀሳቀስ እንዲጮህ ሳይመደብ ወደ ቁፋሮ መግባት ሌላ ሐዘን ይጋብዛል።

ወጀብ፣ መብረቅና በረዶ

ወጀብን በሚመለከት ትንበያው የሚናገረው ቀኑ አመቺ መሆኑን ብቻ ነው፤ ቀሪው የዓይን ሥራ ነው። ጠዋቱ ጠርቶ ፀሐይ ከበረታ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ደመና በተራሮች ላይ መቆለል ከጀመረና ቁመቱ ከወርዱ እየበለጠ ከሄደ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ወጀብ ይጠበቃል። ጠዋቱን በጭጋግና እንደ ሰሌን በተነጠፈ ደመና ተሸፍኖ የሚውል ቀን ካፊያ እንጂ ኃይለኛ ወጀብ አብዛኛውን ጊዜ አያመጣም። በክረምት ዝቅተኛው ደመና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ፣ የረጅሙ ደመና አናት ወደ ምዕራብ ሲነጠፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ትላልቆቹ ወጀቦችም ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚጓዙ፣ ከሰዓት በኋላ ቀድሞ መታየት ያለበት የምሥራቁ ሰማይ ነው። ጣና ዳር ደግሞ ጊዜው ይገለበጣል፤ በደቡብ በኩል ያሉት ኮረብቶች ዝናባቸውን ከሰዓት በኋላ ሲያገኙ፣ ሐይቁ ላይ የሚበዛው ሌሊት ነው። በታንኳ የሚያጠምዱ ሰዎች ማታ ከሐይቁ ማዶ ብልጭታ ሲያዩ ከዳር ባይርቁ ይሻላል።

በረዶ ደጋውን የሚያጠቃው በከፍታው ምክንያት ጭምር ነው። በእኛ ሰማይ አየሩ ወደ ውርጭ የሚለወጠው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 3,000 ሜትር ላይ ላለ የገብስና የድንች ማሳ በረዶው የሚወርድበት መንገድ አጭር ነውና ሳይቀልጥ ይደርሳል፤ ሸለቆ ውስጥ ለመድረስ ግን ሌላ ሁለት ሺህ ሜትር በሞቃት አየር ማለፍ አለበት። በረዶ በሚመጣበት ጊዜ ለሰብል የሚደረግ ብዙ ነገር የለም። ችግኝ መሸፈን፣ ጥጆችንና በጎችን ማስገባት፣ ያልተመታ ቆርቆሮ በድንጋይ ማስያዝ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ በድካም ጊዜ ማባከን ነው።

መብረቅ ግን በጥንቃቄ የሚቀር አደጋ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ይቆጠር፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጓዘው በሦስት ሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ከ30 በታች ከተቆጠረ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ሥራም መቆም አለበት። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ መስክ አይወጣም። ለብቻው በቆመ ዋርካ ወይም በባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከሜዳ ይልቅ ያጋልጣል፤ በተራራ አናት፣ በሽቦ አጥርና በውኃ ዳር መቆምም እንዲሁ ነው። የተሻለው መጠለያ በሚገባ የተሠራ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው፤ ሸራ ጣሪያ ያለው ባጃጅና ሞተር ሳይክል አይጠቅሙም። የሣር ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም፤ ሌላ ምርጫ ከሌለ ከግድግዳው፣ ከምሰሶውና ከበሩ ርቆ መሀል ላይ መቀመጥ ይሻላል። እረኞች ተሰብስበው ባይቆሙ፣ በመካከላቸውም ርቀት ቢያደርጉ፣ አንድ መብረቅ ሁሉንም አይመታም። የተመታ ሰው በሰውነቱ ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርምና ያለ ፍርሃት ሊነካ ይችላል። ትንፋሹ ከቆመ ወዲያውኑ ደረቱን መሀል ለመሀል በኃይልና በፍጥነት በተከታታይ መጫን፣ ከቻሉም ትንፋሽ መስጠት፣ ይህንንም ሳያቋርጡ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

ሐሩር

በደጋ የሚኖር ሰው ስለ ሐሩር ማስጠንቀቂያ ሲሰማ የአፋርና የጋምቤላ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ከደጀን አፋፍ እስከ ዐባይ ድልድይ ድረስ ያለው ቁልቁለት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ሙቀቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ደጀን ላይ 26 ዲግሪ ከተባለ፣ ድልድዩ ላይ 35 ዲግሪ መጠበቅ ይገባል፤ ያም በጥላ ሥር የሚለካው ነው፤ በፀሐይ የሚቆም ሰው የሚሰማው ከዚያ ይበልጣል።

በጎጃም ሙቀቱ የሚያይለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፤ ይህም ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን፣ ግማሹን ውኃ ሳይቀምስ ያሳልፈዋል። በቆላ የሚሠሩ ጿሚዎች ትንበያው ሙቀት እንደሚበረታ ካመለከተ፣ ከባዱን ሥራ ከንጋት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ጨርሰው ቀሪውን ሰዓት በጥላ ቢያሳልፉ፣ ማታም በርከት ያለ ውኃ ቢጠጡ ይበጃል። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕመምተኞች ጉዳያቸውን ለንስሐ አባታቸው ቢያማክሩ ቤተ ክርስቲያን ለእነርሱ ታስባለች። ሰው ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸውና ብዙ ካላበው ጥላና ውኃ ይበቃዋል፤ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ልብሱን አላልቶ በውኃ እያራሱ፣ እያራገቡ፣ ወደ ሕክምና መውሰድ እንጂ ራሱን ለሳተ ሰው ውኃ ማጠጣት አይገባም።

ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሐሩሩና ቁልቁለቱ ይደራረባሉ። ፍሬን ላይ ብቻ ተማምኖ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፤ የበረሃው ሙቀትም እንዳይቀዘቅዝ ያደርገዋል። ሙቀት በተተነበየ ቀን በዝቅተኛ ማርሽ፣ በማለዳ ወይም ከምሽቱ በፊት ፀሐይ ሲበርድ መውረድ፣ ጎማና የራዲያተር ውኃ ደጀን ላይ ማየት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ መለኪያ

የዞኑ ትንበያ በራስ ቀበሌ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚታወቀው በመለካት ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይና ከታች እኩል የሆነ የድልህ ጣሳ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ፣ ጠብታ እንዳይፈነጥቅበት ከመሬት ከፍ ባለ ግንድ ላይ ይታሰራል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎችም ዝናብ በሚለኩበት ሰዓት፣ የውኃው ጥልቀት በማስመሪያ ይነበብና ይደፋል። ጥልቀቱ በሚሊ ሜትር የተነበበው ያለ ምንም ስሌት የዝናቡ መጠን ነው። ከጎኑ የትናንቱ ትንበያ ቢጻፍ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ትንበያው ለዚያ ቀበሌ ሁልጊዜ ያንስ ወይም ይበዛ እንደሆነ ይታያል፤ በተራራ ምሥራቅና ምዕራብ ጎን ላይ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች ፈጽሞ የተለያየ መልስ ቢያገኙ የሚያስገርም አይደለም።

ጣሳው ቡሄ ሲያልፍ መነሣት የለበትም። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት የሚለው አባባል ለዶፉ ብርታት እውነትነት ቢኖረውም፣ በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ዝናቡ መስከረምን ተሻግሮ ጥቅምት ይገባል። የታጨደ ሰብል ማሳ ላይ፣ ነዶው አውድማ ላይ በሆነበት በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣ ያልተጠበቀ ዝናብ፣ በመጠኑ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ ባይሞላ፣ ከሐምሌ 50 ሚሊ ሜትር የበለጠ ኪሳራ ያደርሳል። የሦስት ቀን ትንበያ ከዓመት እስከ ዓመት በጣም የሚጠቅመውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሦስቱም ቀናት ደረቅ ከሆኑ ማጨድ፣ ሁለተኛው ቀን ዝናብ ካመለከተ ግን ያልታጨደውን ቆሞ እንዲቆይ ትቶ የታጨደውን በፍጥነት መከመርና ክምሩን ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ መክደን ይገባል።